አንተ ቅደም፣ በዋይት ሐውስ ደጃፍ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሕልም አየሁ። በሕልሜ አሜሪካ ነበርኩ። ማን እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ሕልም ውስጥ ቪዛ የሚጠይቅ የለም። የምርጫ ቀን ነበርና ከተማው በፖስተር ተለብዷል። የዝሆኑን ፓርቲ ፖስተር ቀና ብዬ ሳየው የአህያው ፎቶ ተለጥፎበት፣ ከሥሩ «ከእኛ እሱ ይሻላችኋል» ይላል። ማዶ የተሰቀለው የአህያው ፓርቲ ፖስተር ደግሞ ዝሆኑን አሳምሮ ሥሎ፣ «እኛን ብትመርጡ ትጸጸታላችሁ፤ አደራ» ይላል።

እኔ ሬዲዮ ስለማዳምጥ የሪፐብሊካኖቹ ምልክት ዝሆን፣ የዴሞክራቶቹ አህያ እንደሆነ አውቃለሁ። የማላውቀው ምልክቶቹ ራሳቸው እንደሚወዳደሩ ነበር።

ዝሆኑ ከረባት አስሮ ቤት ለቤት እየዞረ በር ያንኳኳል። አንዲት ሴትዮ ከፈተችለት። ኩምቢውን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«እመቤቴ፣ በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ እንዳትመርጪኝ።»

«ባለፈውም ቃል ገብተህልኝ ነበር እኮ።»

«ምን ብዬ?»

«አላሸንፍም ብለህ። ይኸው አሸንፈህ አረፍከው።»

«ፓርቲዬ ነው ያሳሳተኝ» አለና አንገቱን ደፋ።

ሴትዮዋ እትዬ ኤድና ትባላለች። የሰፈሩ ምርጫ አስፈጻሚ ናት። በሩን ዘግታ ገመድና ችካል ይዛ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። በሬዲዮ እንደሰማሁት፣ በዚያ አገር ፓርቲዎቹ የምርጫ ክልሉን ካርታ እንዳመቻቸው እያጠማዘዙ መራጩን ይከፋፈሉታል። በሕልሜ ግን ገመዱ መራጩ እጅ ነበር። ሜዳው ላይ የምክር ቤት አባላት በሱፍ ልብስ ይሯሯጣሉ፤ የሰፈሩ ሰው እያባረረ ይይዝና ይከፋፈላቸዋል። እትዬ ኤድና አንዱን ወፍራም ሰውዬ ወገቡ ላይ ገመድ አዞረችበት።

«ከወገቡ በታች ለእኛ ቀበሌ። ከወገቡ በላይ ለወዲያኞቹ።»

«ኧረ እትዬ ኤድና፣ ራሴ ወዲያ ማዶ ሊያድር ነው?» አለ ሰውዬው።

«ራስህን መቼ ተጠቅመህበት ታውቅና።»

ሰውዬው ይህን ሰምቶ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ልክ ነው ብሎ ገመዱን ራሱ አጠበቀው።

ወዲያው ደወል ተደወለ። ቆጠራው አልቋል፤ ዝሆኑም አህያውም እኩል አሸንፈዋል ተባለ። ሁለቱ ፓርቲዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። ደጋፊዎቻቸው ድንኳን ጥለው ለቅሶ ተቀመጡ። ደግሞ ሳላስበው ራሴን ዋይት ሐውስ ደጃፍ ላይ አገኘሁት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአገሩ ሕግ፣ አንድ ፕሬዚዳንት እስኪገባ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ያዛል። ዝሆኑና አህያው ግን ደፉ ላይ ቆመው ይገባበዛሉ።

«አንተ ቅደም» አለ ዝሆኑ።

«ኧረ በፍጹም። ታላቄ ቆሞ?»

«በሞቴ ግባ።»

«ሞት ለእኔ ይሁን። በአካልም በጆሮም ትበልጠኛለህ፣ እንዴት ነው የምቀድምህ?»

«ጆሮ ከሆነማ አንተም አትታማም።»

ይህን እየተባባሉ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይላሉ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ሲከባበሩም ለካ ያው ነው፤ የዋይት ሐውስ ሣር አንድ ሳይቀር ተረግጦ አልቋል።

እትዬ ኤድና ትዕግሥቷ አለቀ። «እኔ ሾርባ ጥጄ ነው የወጣሁት። አንዳችሁ ግቡና እንሂድ።»

«እሱ ይግባ» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ከዚያ ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ።

ወደኋላ ሸሸት አልኩ። ከዚያ በር የገባ ሰው ዘመኑን ሳይጨርስ አይወጣም። እኔ ደግሞ ከዓለም ሁሉ የምፈልገው ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ብቻዬን ጋደም ማለት ነው። ሰው ስሜን ሲጠራኝ እንኳ የምሸሸግበት እፈልጋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ የየትኛው ፓርቲ ነህ?» አለኝ አህያው።

«የማንም አይደለሁም፣ ጋሼ» አልኩት። አህያን ጋሼ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን አንቱ ልበለው አንተ ልበለው ግራ ገብቶኝ ነበር።

«ሰማህ? ፓርቲ የለውም» አለ ለዝሆኑ። ዝሆኑ በደስታ ከረባቱን ፈታ።

እኔ የዳንኩ መስሎኝ «በዚህ አገርማ ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ የሆነ ሰው ወግ አይደርሰውም፤ በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ልክ ነህ። የሚደግፍህ የለም» አለ ዝሆኑ። «ስለዚህ የሚከፋብህም የለም።»

«የዚህ አገር ሰው አይደለሁም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ትጣላለህ?» አለ አህያው።

«አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነው የቀረሁት።»

«ይኼ ደግሞ ምክር ቤት ገብተህ እንዳትራቀቅብን ይጠቅማል» አለች እትዬ ኤድና፤ ክንዴን ያዝ አድርጋ።

«እትዬ ኤድና፣ እርስዎ እንኳ ይዘኑልኝ።»

«ልጄ፣ ሾርባዬ እያረረ ነው።»

ወደ ውስጥ ስትገፋኝ ደፉን ተሻገርኩና ያረፍኩት ምክር ቤቱ ውስጥ ነው። የዝሆኑ ወገን ተነሥቶ «የእኛ ሐሳብ ስሕተት ነው» ሲል የአህያው ወገን ደግሞ «አይደለም፣ የእኛው ይብሳል» እያለ ይከራከራል። አንድ የድልድይ ሕግ ገና ሳይጻፍ ጸደቀ። አፈ ጉባኤው ትልቅ መዶሻ ይዞ ወደ እኔ አየ።

«ክቡራን፣ ሁለቱ ፓርቲዎች በማንም ላይ ተስማምተው አያውቁም። ዛሬ በዚህ ልጅ ላይ ተስማምተዋል። የሚቃወም አለ?»

እጄን ላወጣ ብል እጄ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ልጮኽ ብል ድምፄ ጠፋ። እንግዲያው በራሴ እምቢ ልበል ብዬ አንገቴን ወደ ጎን ላወዛውዝ ስታገል፣ ራሴ እኔን አልሰማ ብሎ ወደ ታችና ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ላይ ይላል።

«ራሱ ተስማምቷል» አለ አፈ ጉባኤው። መዶሻው ወረደ። ጭብጨባው ቀለጠ።

በጭብጨባው ነቃሁ።

ጭብጨባው ግን አላቆመም። የተቀመጥኩት በሰፈራችን ዕድር አዳራሽ፣ ኋላ ወንበር ላይ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ በእሷ ቦታ ስብሰባ የምመጣው እኔ ነኝ፤ ጥግ ይዤ ሰው ሳያየኝ ውዬ እሄዳለሁ። አሁን ግን ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ደምመላሽ መድረኩ ላይ ቆመው እንባ እንባ ይላቸዋል።

«ሽማግሌው ሁሉ አልችልም ሲል ልጃችን ራሱን እየነቀነቀ እሺታውን ገለጸልን። እንዲህ ያለ ወጣት አይጥፋብን። የሚቃወም ከሌለ አዲሱ ሊቀመንበራችን እሱ ነው።»

ተነሥቼ አይሆንም ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ደምመላሽ የድንኳኑንና የድስቶቹን ዕቃ ቤት ቁልፍ መዳፌ ላይ አኑረው፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያነሡ በሩ ላይ ደርሰዋል።

«እትዬ ዘነበወርቅ» አልኳቸው አጠገቤ ላሉት አሮጊት በሹክሹክታ፤ «እኔ እኮ ተኝቼ ነበር።»

«ዝም በል» አሉኝ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው። «ደምመላሽም እንዲሁ ነበር የተመረጠው።»