የቪዛው መርዶ

ፍርሃት በስልክ ይተላለፋል ብላችሁ አትሳቁብኝ። በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ጉንፋን ነው። እንዲያውም ጉንፋን ይሻላል፣ ቢያንስ ዳማከሴ ታሽቶ ይጠጣለታል።

እህቴ እትዬ አስካለ ቁስቋም ማርያም ሥር፣ አባታችን በተወልን ግቢ ነው የምትኖረው። እኔም እዚያው ነኝ፣ ከኋላ ባለችው ቤት። አንድ ልጅ አላት፣ ሱራፌል። ሱራ ነው የምንለው። አባቱ ገና ዳዴ ሲል ስለሞተ፣ ለእሷ ልጇም ወንድሟም ጧሪዋም እሱ ነው። እኔ ወንድሟ እዚሁ እያለሁ ማለቴ ነው፤ ግን ተዉት፣ እኔን ማን ቆጥሮኝ!

ይኼ ልጅ በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ሄደ። ጉብኝት ስላችሁ ደግሞ አትመኑ። ከጉለሌ ተነሥቶ ፎቅ ለማየት ዱባይ የሚሄድ ጎረምሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፎቅማ እዚሁ ሞልቶ የለ! የሄደው ሥራ ፍለጋ ነው። ሥራ ካገኘህ ቪዛው ይቀየርልሃል ብለውታል። ሥራም አገኘ። አሠሪው ግን ወረቀቱን ዛሬ አስተካክላለሁ፣ ነገ አስተካክላለሁ እያለ ቀኑ አለፈ። ሲያልቅ አያምር የሚሉት ለቪዛ ነው መሰለኝ። ማታ ሕጋዊ ሆነህ ትተኛለህ፣ ጠዋት ወንጀለኛ ሆነህ ትነሣለህ። በመሃል እንቅልፍ እንጂ ሌላ ምንም አላጠፋህም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ፣ ኑሮ አትበሉት። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማል። አሠሪው ሲያሰኘው ደመወዙን ይሰጠዋል፣ ሳያሰኘው ይከለክለዋል። ለማን አቤት ይበል? አቤት ለማለትም ወረቀት ያስፈልጋል። ጥርሱን ሲያመው፣ ክሊኒክ ከሄድኩ መታወቂያ ይጠይቁኛል ብሎ ጉንጩ አብጦ ከረመ። በመጨረሻ አብሮት የሚያድር ያገሩ ልጅ በፒንሳ ነቀለለት። በፒንሳ! የሚተኛው ጫማውን አጥልቆ ነው። ፖሊስ ከመጣ ለመሮጥ እኮ ነው። ወዴት እንደሚሮጥ ግን አያውቅም። ጫካ የለ፣ ዘመድ የለ።

ይኼ ሁሉ አይደለም ጉዱ። ቪዛው ያለቀበት ልጅ ዱባይ፣ የምትደበቀው እናት ጉለሌ! ሱራ ሲደውል ድምጿን ዝቅ አድርጋ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። እትዬ፣ እዚህ ማን ይሰማሻል ስላት፣ ግድግዳም ጆሮ አለው ትለኛለች። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶውን አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሰው አይቶ «ሱራ እንዴት ነው?» ብሎ እንዳይጠይቃት ነው። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰውዬ የግቢውን በር አንኳኳ። ባርኔጣ አድርጓል፣ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። በሩን ከፍታ ገና ስታየው፣ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት፣ «እኔ ልጅ የለኝም!» አለችው። እስቲ ማን ስለ ልጅ ጠየቃት? ሰውዬው ቆጣሪውን አንብቦ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት እናቴ ብሎ አዝኖላት ሄደ። የዚያን ዕለት ስታለቅስ ዋለች። እንደ ጴጥሮስ ልጄን ካድኩት፣ ዶሮ እንኳ ሳይጮህ ካድኩት እያለች።

እኔ እስቅባት ነበር። የሳቀ ይደርስበታል። ዊንጌት ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማታ ዘግቼ ታክሲ ስጠብቅ ትራፊክ ፖሊስ ካየሁ ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ጥግ እል ጀመር። መኪና የለኝም እኮ! ብስክሌትም የለኝም። ግን ልቤ ትመታለች። አልኳችሁ፣ ይተላለፋል።

የእኔ ፍርሃት ግን ሌላም መሠረት ነበረው። እትዬ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሟ መድኃኒቱን ከሰጣት በኋላ፣ ዋናው ነገር እንዳትደነግጪ አላት። ይኼ ይታዘዛል? ፋርማሲ ይሸጣል? ደግሞ የእኛ ዘር የድንጋጤ ዘር ነው። እናታችን የታላቅ ወንድማችንን ሞት የሰማችው በስልክ ነበር። አንድ ጥድፊያ የያዘው ዘመድ ደውሎ፣ ሰላም ሳይል፣ አፈረጠው። እናታችን ስልኩን እንደያዘች ወደቀች፣ አልተነሣችም። በአንድ ሳምንት ሁለት ቀበርን። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምጸልየው፣ የሱራ ክፉ ወሬ ከመጣ ለእህቴ ነጋሪው እኔ እንዳልሆን ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መጀመሪያ ልጁ መደወል አቆመ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ሆኜ፣ የማላውቀው የውጭ ቁጥር ደወለ። አንሥቼ ሃሎ ስል ሱራ ነው። «ጋሼ፣ ተያዝኩ» አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ወረቀት ሲጠይቁ ነው የያዙት። ያለው እስር ቤት ነው። ወደ አገሩ ሊመልሱት ነው፣ ዳግመኛም ዱባይ እንዳይገባ ታግዷል። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። ባዶ እጄን ነው የምመጣው ጋሼ፣ ለእማዬ እኔ አልችልም፣ አንተ ንገርልኝ አለና ተቋረጠ።

ንገርልኝ! ሲሉት እንዴት ይቀላል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰነበትኩ። እትዬ ጠዋት ማታ፣ ከሱራ ሰማህ ወይ ትለኛለች። እኔ ኔትወርክ ነው እላታለሁ። ይኼ ኔትወርክ ስንቱን ውሸት ተሸክሟል እናንተዬ! እሷ ደግሞ በየቀኑ ከሰውነቷ እየቀነሰች ሄደች። እህል አልወርድ አላት። ካልነገርኳት በሐሳብ ትሞታለች፣ ከነገርኳት በድንጋጤ ትሞታለች። በሁለቱም በኩል ገዳዩ እኔ ነኝ።

ሲጨንቀኝ የእድራችን ዳኛ ጋ ሄድኩ። ጋሽ ድንበሩ ይባላሉ። በሰፈራችን መርዶ ያለ እሳቸው አይረዳም። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና፣ ክፉ ወሬ ለብቻ አይነገርም፣ ወግ አለው አሉኝ። ማለዳ፣ ሰው ገና ሥራ ሳይሄድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባቷ ባሉበት። ሰው ከቦ ከያዛት ልቧ ይችለዋል። እናታችሁ የሞተችው እኮ ብቻዋን ስለሰማች ነው። እኔም፣ ጋሽ ድንበሩ፣ ይኼ እንኳ ሞት አይደለም ብዬ ሞከርኩ። «ተስፋዋ ሞቶ የለ? ከዚህ በላይ ምን ሞት አለ?» አሉኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?

በማግሥቱ ከኪዳን መልስ ተሰባሰብን። ጋሽ ድንበሩ ከፊት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ቀጥሎ የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው። ከዚያ ሁለት ጎረቤት ሴቶች፣ ብትወድቅ የሚደግፏት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። እኔ መጨረሻ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። በዚያች ጠባብ መንገድ አንድ በአንድ፣ ቃል ሳንተነፍስ ሄድን። እንግዲህ አምስት ሰው ነን፣ ከአምስታችን አንዱ እንኳ ምን እንደምንመስል አላሰበም። ምን እንመስላለን? እስቲ ንገሩኝ!

በሩ ጋ ስንደርስ ጋሽ ድንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያቺን ሳል ጉለሌ ውስጥ የማያውቃት የለም። እትዬ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው ጋሽ ድንበሩን ነው። ቀጥሎ መስቀሉን። ቀጥሎ እኔን፣ ከኋላ አንገቴን ደፍቼ።

«ልጄን!»

ይኼን ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። ደረቷን ስትመታ ድምፁ ከውስጤ አልወጣም እስከ ዛሬ። ሁለቱ ሴቶች ሊደግፏት ነው የመጡት፣ ግን ጩኸቷን ሲሰሙ የራሳቸው ሐዘን ተነሣባቸውና አብረው ይጮሁ ጀመር። ጎረቤት ወጣ። ወይኔ ሱራ፣ ወይኔ የእናቱ ብቸኛ ተባለ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ መንፋት ጀመረ። እኔ አልሞተም፣ አልሞተም እላለሁ። ማን ይስማኝ? ሐዘንተኛ ሁሉ እንዲህ ይላል፣ አይዞህ ቻለው ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዞር ስል እህቴ ፀጥ ብላለች። ዓይኗ ወደ ላይ ዞሯል። እጇን ብይዘው በረዶ ነው። ፈራሁ። ወዳጆቼ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። የእናቴን ነገር እኔው በእጄ ደገምኩት አልኩ። ተንበርክኬ አገጯን ያዝኩና ጆሮዋ ላይ አፌን ገጥሜ ጮህኩ። «እትዬ! ታስሮ ነው! ታስሮ ነው እንጂ አልሞተም!»

አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን፣ ታስሮ ነው።»

«በሕይወት አለ?»

«ድምፁን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ቀና አለች። ውኃ አምጡ ተባለ፣ ጠጣች። ምግብ ይሰጡታል ወይ አለች። ይሰጡታል አልኳት። ጣራ አለው? አለው። «እሰይ» አለች፣ ላቧን እየጠረገች። ጋሽ ድንበሩ ግን የመርዶ ሰው ናቸው፣ ክፉውን ከፊሉን ነግሮ ከፊሉን ማስቀረት ነውር ነው ብለው ያምናሉ። አጎንብሰው በዚያ በለቅሶ ድምፃቸው፣ አስካለ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጁን እዚያ አያኖሩትም፣ ወደዚህ ሊመልሱት ነው አሏት።

«ወደዚህ? ወደ ቤቱ?»

ንስሐ አባቷ ደግሞ የቀረውን መንገሩን ለራሳቸው ወሰዱት። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አስጠግተው፣ ቻይው ልጄ፣ ከእንግዲህ ዳግመኛ እንዳይገባም አግደውታል አሏት።

እትዬ አስካለ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ተነሥታ ቆመች። እጇን ወደ ቁስቋም አነሣችና እልልታውን አቀለጠችው! እልልልል! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አታቆምም። አንቺ እናቴ፣ ልጄን አምጪልኝ አልኩሽ እንጂ መንገዱንም ዝጊበት አላልኩሽ፣ አብልጠሽ ሰጠሽኝ እያለች። በዚህ መሃል ጡሩምባ ሰምተው ነጠላ ዘቅዝቀው የመጡ ሴቶች በር ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ። አንዷ፣ ወይኔ አበደች ብላ አዲስ ለቅሶ ጀመረች። አላበደችም ብሎ ለማስረዳት ረፋድ ሆነ። ጡሩምባ ነፊው እስከ ዛሬ እኔን በኩርፊያ ነው የሚያየኝ፣ የጠራኸኝ አንተ ነህ ብሎ። እኔ መቼ ጠራሁት!

ሱራ በሳምንቱ መጣ። አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመ፣ አልገባም። መንገዱን ሁሉ የይቅርታ ንግግር ሲያጠና እንደመጣ ያስታውቃል። «እማ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ሲጀምር፣ እሷ አገጩን ይዛ አፍህን ክፈት፣ የቱን ነው በፒንሳ የነቀሉህ አለችው። ያ ትልቅ ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ማልቀስ ጀመረ።

ተባሮ የመጣ ልጅ በሰፈር እንዴት እንደሚታማ ታውቃላችሁ። የሱራን ግን ማንም አላማውም። እንዴት አድርገው? አንዴ ያለቀሱለትን ሰው ማማት ከባድ ነው። ይልቅ ሰው ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ እያለ ጎረፈ፣ ጠላው አልበቃ አለ። እትዬ ከልጇ አጠገብ አልነሣ አለች። ራሱን ትዳብሳለች፣ ታጎርሰዋለች፣ መልሳ ትዳብሳለች።

ጋሽ ድንበሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩአቸዋል። የቀረበላቸውን አልነኩም። ተናደውብኝ ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩና፣ ምነው ዝም አሉ ጋሽ ድንበሩ አልኳቸው። ለካ የሚያስቡት ስለ ልጃቸው ነው፣ ካናዳ ስላለችው። አንድ ልጅ እሷ ብቻ ናት ያለቻቸው።

«የእኔዋ እንኳ ወረቀቷ ሙሉ ነው» አሉኝ። «ዜግነትም ሰጥተዋታል።»

እሰየው ነው እንጂ ታዲያ አልኳቸው።

ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት።

«አዎ፣ እሰየው ነው። ማንም አይመልሳትም።»