የአዴ አስካለ ልጅ በቴሌቪዥን

በየሰፈሩ አንድ «እሱ ያውቃል» የሚባል ሰው አይጠፋም። እናንተ ሰፈር ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ ሰውየው እናንተው ናችሁ ማለት ነው። ይህ ሰው መሐንዲስ አይደለም፤ የጥገና ሱቅም የለውም። ጥፋቱ አንድ ቀን የሰው ቤት ገብቶ የጠፋ ቻናል ፈልጎ ማግኘቱ ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ዕረፍት የለውም። ልቅሶ ሊደርስ ሄዶ እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ከጓዳ አንድ ሰው ብቅ ይልና፣ «ስትወጣ ያቺን ሪሲቨር አየት አድርገህልን ትሄዳለህ» ይለዋል። ሰውየው ፊቱን ቅጭም ያደርጋል። አትመኑት። ውስጡ ደስ ብሎታል።

እኔ ይህን ማዕረግ አምቦ ላይ የያዝኩ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው፤ ነፍሴ ያለችው ግን ሽቦ ውስጥ ነው። ቤቴ ብትመጡ፣ ሳሎኑ ውስጥ ከአናጢ ትርፍራፊ ጣውላ የሠራኋቸው ሁለት ስፒከሮች ቆመው ታያላችሁ። ባለቤቴ፣ «ድምፃቸው ጥሩ ነው፤ ብርጭቆዎቼ ግን አልወደዷቸውም» ትላለች። ከአልጋችን ሥር ደግሞ የዕድሜዬ ኩራት አለ፤ ከመኪና ባትሪ ኃይል ወስዶ ቴሌቪዥን የሚያስነሳ፣ በገዛ እጄ የገጣጠምኩት ኢንቨርተር። መብራት ሄዶ ሰፈሩ ሲጨልም የእኔ መስኮት ብቻ ይበራል። መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን እዩኝ።

አምቦ ከመዛወሬ በፊት ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ካቺሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ሌሊሴ ናት። በፊዚክስ ብዙም አልነበረችም፤ እኔ የፍጥነትን ቀመር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እሷ በመስኮት ሜዳውን ታያለች። ቀመሩ እግሯ ውስጥ እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ለሩጫ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ጥቂት ዓመታት ቆይታም ውጭ አገር መወዳደር ጀመረች ተባለ።

ጣጣው ያለው «ተባለ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ካቺሲ ውስጥ ሌሊሴ ውጭ አገር ስትሮጥ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እናቷ አዴ አስካለ ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ከብት እየነገዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ በሬ ገና ከሩቅ ሲመጣ አረማመዱን አይተው ጠባዩን የሚናገሩ ሴት ናቸው። በከብት ጉዳይ የሚከራከራቸው የለም። «ልጄ ሯጭ ናት» ሲሉ ግን ሰዉ እየተያየ ፈገግ ይላል። ጎረቤታቸው ኦቦ ቶሎሳ፣ የእህል ነጋዴው፣ አንድ የገበያ ቀን በሰው ፊት፣ «ሯጭ ብትሆን በቴሌቪዥን አናያትም ነበር? ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ይሆናል እንጂ!» አሏቸው። ሰው ቤት መሥራት ነውር ሆኖ አይደለም። ነገሩ ልጅቱን ውሸታም፣ እናቲቱን ሞኝ ማድረጉ ነው። አዴ አስካለ ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ ውስጥ «ልጄ» ማለት ተዉ።

አንድ ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። ሌሊሴ ናት፤ ከውጭ ነው የደወለችው።

«ቲቸር፣ እሁድ ማራቶን አለኝ። በቀጥታ ይተላለፋል። እናቴ እንድታየኝ ያደርጉልኛል?»

«ይህማ የእኔ ሥራ ነው!» አልኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ድምፄ ትንሽ ይወፍራል።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «እኔ አሯሯጭ ነኝ። እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ከፊት ሆኜ ፍጥነቱን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ። የተቀጠርኩት ለዚያ ነው። እናቴ ስወጣ ካየች ተሸነፈች ብላ ታለቅሳለች፤ ሰዉም ይስቅባታል። ስለዚህ ልክ ሠላሳ ሊሞላ ሲል ቴሌቪዥኑን ያጥፉትና መብራት ሄደ ይበሉ።»

በእኛ አገር ማንም የማይጠረጥረው ውሸት ቢኖር ይህ ነው። ወዲያው ተስማማሁ።

አዴ አስካለ ቴሌቪዥን የላቸውም። ኦቦ ቶሎሳ ዲሽ አላቸው፤ ቴሌቪዥናቸው ግን ያ ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋው አሮጌው ዓይነት ነው፤ ሁሉንም ሰው አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ የራሴን ፍላት ቴሌቪዥን በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ፣ ኢንቨርተሬን በጀርባዬ አዝዬ ካቺሲ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ «ምንድን ነው የጠቀለልከው?» ሲለኝ «ቴሌቪዥን» አልኩት። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነውና በሐዘን አየኝ። ተሳፋሪው ግን ይባረክ! መኪናው በዘለለ ቁጥር «ቀስ! ቀስ!» እየተባለ ቴሌቪዥኔ ከጭን ወደ ጭን እንደ አራስ ልጅ እየተላለፈ፣ ጭረት ሳይነካው ካቺሲ ገባ።

ኦቦ ቶሎሳ ዲሻቸውን ሳያንገራግሩ ሰጡን። «ውሰዱት፣ ጉዱን እንየው» አሉ እንጂ «እምቢ» አላሉም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዲሹን አዴ አስካለ ጣሪያ ላይ ተከልኩት። ዲሽ አዙራችሁ የምታውቁ፣ የምናገረውን ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ግን ልንገራችሁ፦ ሳተላይቱ ሰማይ ላይ አንዲት ነጥብ ናት፤ ዲሹን የጣት ውፍረት ያህል አሳልፋችሁ ካዞራችሁት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ባዶ ጥቁረት ነው። እኔ ጣሪያው ላይ፣ አዴ አስካለ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ በሩ ላይ መልእክተኛ ሆነው ቆሙ።

«ዱፌ?» እላለሁ፤ መጣ ወይ ማለቴ ነው።

«ዱፌ?» ይላሉ ኦቦ ቶሎሳ ወደ ውስጥ።

«ሂን ዱፍኔ!» ይመጣል መልሱ፤ አልመጣም።

ይህን አንድ ሰዓት አልን። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያግዘን ጀመር። አንዱ «ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል!» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ!» ይላል። በመጨረሻ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እጄ ደክሞት ዲሹ ትንሽ ሲንሸራተት ከቤት ውስጥ «ዱፌራ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እኔም ሆን ብዬ ያደረግሁት መስዬ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

ግቢው በአንዴ ሞላ። ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን በሩ ላይ አወጣነው። ይሄኔ አንድ ሰው፣ «መብራት ቢሄድስ?» ብሎ ጠየቀ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጭነት መኪና ሾፌር የተዋስኩትን ባትሪ ከኢንቨርተሬ ጋር አገናኘሁና ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ዛሬ የካቺሲ መብራት በሙሉ ቢሄድ ይህ ቴሌቪዥን አይጠፋም! ካላመናችሁ ቆጣሪውን አጥፉት!» አልኩ። አጠፉት። ቴሌቪዥኑ አልጠፋም። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም እጅ ነሣሁ።

ሌሊሴ ትዝ ያለችኝ ተመልሼ ስቀመጥ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «መብራት ሄደ» የምትለዋን አንድ መውጫዬን በገዛ አፌ፣ ያውም እየተጨበጨበልኝ ዘጋኋት።

ውድድሩ ተጀመረ። መጀመሪያ የታየው የሰው ጎርፍ ነው። ቀስ በቀስ ጎርፉ ቀጠነና ስድስት ሴቶች ብቻ ከፊት ቀሩ። ከስድስቱም ፊት አንዲት ቀጭን ልጅ አለች። አዴ አስካለ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«እሷ ናት! ግራ ትከሻዋን እዩት! ውሃ ስትሸከም የዘመመ ትከሻ ነው! ሌሊሴ ናት!»

ከዚያ ካሜራው ፊቷን አቀረበው። ግቢው በእልልታ ፈነዳ። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄደው ባለ መደገፊያውን ወንበራቸውን ተሸክመው መጡና አዴ አስካለን ከበርጩማው አንሥተው እሱ ላይ አስቀመጧቸው። ይቅርታ በአፍ ብቻ አይባልም።

«ደረቷ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። የሌሎቹ ሯጮች ደረት ላይ ስም አለ፤ የሌሊሴ ደረት ላይ ያለው ግን በእንግሊዝኛ «ፔስ» የሚል ቃል ነው። የፍጥነት ጠባቂ ምልክት መሆኑ ነው። እኔ መልስ ሳፈላልግ አንዲት ተማሪ ቀደመችኝና «ፒስ» ብላ አነበበችው። «ሰላም ማለት ነው!»

«አያችሁ!» አሉ አዴ አስካለ። «ሌሎቹ የሚሮጡት ስማቸውን ይዘው ነው። የእኔ ልጅ ሰላም ይዛ ነው!»

የእንግሊዝኛ መምህር ብሆን ኖሮ ዝም ማለቴ ኃጢአት ይሆን ነበር። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ።

አሥር ኪሎ ሜትር፣ ሌሊሴ ከፊት። ሃያ፣ ሌሊሴ ከፊት። ንፋሱ ፊት ለፊት ይመታታል፤ ሌሎቹ ከኋላዋ ተጠልለዋል። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እንደገና ትሮጣለች። ሃያ አምስት ላይ ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ ቆሟል። ሃያ ስምንት ላይ ሪሞቱን ከኪሴ አወጣሁ። መብራት ሄደ አልል ነገር፣ መብራት ቢሄድም አይጠፋም ያልኩት ራሴ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ልበል? ኩራቴ ቢሞትም ይሙት፣ ልበል። ሃያ ዘጠኝ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁና ወደ አዴ አስካለ ዞር አልኩ።

እሳቸው አላዩኝም። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልጃቸው በተነፈሰች ቁጥር አብረዋት ይተነፍሳሉ። ስንት ዓመት ያላዩትን ልጅ አግኝተዋል። እኔ ማን ነኝ የማጠፋት? ሪሞቱን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሌሊሴ ወደ ቀኝ አለች፤ ከመንገዱ ወጣች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሌሎቹ አልፈዋት ሄዱ። ካሜራውም ተከተላቸው።

«ምን ሆነች?» አዴ አስካለ ተነሡ። «ልጄን ምን ነካት?»

«ውሃ ጠምቷት ነው፤ አሁን ትመለሳለች» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። የሚመለስ ሰው የለም።

«አዴ፣ አልታመመችም» አልኩ ተነሥቼ። «ሥራዋ እስከዚህ ድረስ ነው። አሯሯጭ ናት።» ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ንፋሱን ከፊት ሆና ለሌሎቹ እንደምትቀበልላቸው፣ ፍጥነቱን እንደምትጠብቅላቸው፣ በሠላሳ እንድትወጣ መነጋገራቸውን፣ እንዳጠፋው የለመነችኝንም ጭምር።

አዴ አስካለ ቆመው ሰሙኝ። «ቆይ፣ ባርሲሳ» አሉ፤ መምህር ሆይ ማለታቸው ነው። «እነዚያ ከኋላዋ ያሉት፣ እሷ ባትኖር እንዲህ ይሮጡ ነበር?»

«አይሮጡም። ለዚህ ነው ከስንቱ አገር ሯጭ መርጠው የወሰዷት።»

አዴ አስካለ ወደ ሰዉ ዞሩ፤ ድምፃቸው የገበያ ቀን ድምፅ ሆነ።

«ከብት ነድታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ወንዝ የሞላ ጊዜ መንጋው ዳር ላይ ይቆማል። ብትመታው አይገባም፤ ብትለምነው አይገባም። አንዲት ላም ግን ቀድማ ትገባለች፤ የቀረው ጭራዋን እያየ ይከተላል። ሠላሳ ዓመት ከብት ነግጃለሁ። እንደዚያ ያለችዋን ላም አንድ ቀን ለሰው ሸጬ አላውቅም!»

ማን ይስቃል? ሁሉም ከብት ነድቷል። አንድ ሽማግሌ «እውነት ነው» አሉ፤ ሌላው «እውነት ነው» አለ፤ ግቢው እንደገና ነፍስ ዘራ። እኔ በፊዚክስ ማስረዳት ያቃተኝን ነገር አዴ አስካለ በአንዲት ላም ጨረሱት።

ውድድሩን እስከ መጨረሻው አየነው። ከሌሊሴ ኋላ ኋላ ስትል የነበረች፣ ስሟን ማንም መጥራት ያልቻለ የሩቅ አገር ልጅ አሸነፈች። ቀድመው እልል ያሉት አዴ አስካለ ናቸው። «እልል በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ልጄ ያደረሰቻት ናት!» አሉ። ካቺሲም ለማታውቃት ልጅ እልልታዋን አቀለጠችው።

አመሻሹ ላይ ሌሊሴ ደወለች። «ቲቸር፣ በሰዓቱ አጠፉት?»

«አላጠፋሁትም» አልኩ።

አዴ አስካለ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ!» አሉ። «መምህሩን ውሸት ታስተምሪዋለሽ? በይ ተይው፤ አየሁሽ፤ ሁሉም አየሽ። አሁን አታልቅሺ። ያቺ ያሸነፈችው ልጅ እዚያ አለች? ስጪኛ!»

ሌሊሴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር መሰለኝ፤ ሆቴሉ ውስጥ አብረው ስለነበሩ ስልኩን ሰጠቻት። አዴ አስካለ በኦሮምኛ መረቋት፤ በአማርኛም ደገሙላት። ከወዲያ ያለችው በማናውቀው ቋንቋ ረዘም አድርጋ መለሰች። እሳቸው በየመሐሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሺ፣ እሺ» ሲሉ ቆዩና ስልኩን መለሱልኝ።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው።

«አመሰገነችኝ።»

«ቋንቋዋን ሳያውቁት እንዴት አወቁ?»

አዴ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጥያቄዬ የአንድ መምህር ጥያቄ እንዳልሆነ በሚያሳብቅ ዓይን አዩኝ።

«እና ሌላ ምን ልትለኝ ኖሯል?» አሉ።