«ምክንያት» የሚለው ዓምድ

መሥሪያ ቤቶቻችን «ግልጽነት» የሚለውን ቃል ይወዱታል። እኔም እወደዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ችግሩ፣ እናንተም ሳትታዘቡት አልቀራችሁም፣ ግልጽ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ነው። ስለ አንድ ኃላፊ ለማወቅ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፣ መዝገብ ቤቱ ሻይ ይወጣል። ስለ እኛ ለማወቅ ግን የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆም ማለት ይበቃል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እንጅባራ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ማስታወሻዬንም በሦስት ቀለም ነው የያዝኩት። ይህን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም። ጥፋቱን ያጠፋሁት ከሥልጠናው በኋላ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

በአንድ ቀበሌ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። በየዓመቱ የጤና መድህን ካርድ በነጻ የሚያገኙ ችግረኞች ስም ይለጠፋል፤ ሕዝቡም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስቦ «ይገባዋል፣ አይገባውም» ይላል። ዓምና የአንድ ኮሚቴ አባል የወንድም ልጅ፣ ሱቅ ያለው ሰው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ተገኘና አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ቀበሌውን ሲያብጠለጥሉት ዋሉ። እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ለአረጋውያን እንዲነበብ ፊደሉን አጎላሁት። ሦስት ጊዜ አረምኩት። አንድም የፊደል ግድፈት አልነበረበትም።

ጠዋት ለጠፍኩት፤ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ጥሩዬ ቢሮ ገቡ።

«ያን ወረቀት የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጥሩ ጽፈኸዋል። ከመንገድ ማዶ ይነበባል።»

በስማቸው ትይዩ የጻፍኩት «ባለቤቷ ጥሏት የጠፋ» የሚል ነበር።

«ልጄ አባቷ ጫግኒ እየነገደ ነው የሚመስላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚህ በር ነው የምታልፈው። አንሣልኝ። ካልሆነ ስሜን ሰርዘው።»

ይህን ሲሉ ሳል አቋረጣቸው። አስም አለባቸው፤ ካርዱ ከሌለ መድኃኒቱ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሮጥኩ። «ምክንያቱን ብናነሣው ደግሞ ዘመዳቸውን ደበቁ ይሉናል» አለኝ። ይህም እውነት ነው። በመጨረሻ «እንደፈለግህ፤ እሑድ ሕዝቡ ሲጠይቅ ግን ቆመህ የምትመልሰው አንተ ነህ» አለ። እኔም ማስመሪያና ምላጭ ይዤ ወጣሁና ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ቆርጬ አነሣሁት። ልጅቷ ከማለፏ በፊት ደረስኩ። ጎረቤቱ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያነብ ውሏል።

እሑድ እትዬ ጥሩዬ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ተገኙ። ስማቸው እንደተጠራ አያ ታከለ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ወረቀቱ ላይ ምክንያት ተጽፎ ነበረ። የት ሄደ?»

ቆምኩ። የግል መረጃ ሕጉን አንቀጾች ሌሊቱን ሳጠና አድሬ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። «እኔ ነኝ ያነሣሁት» ብቻ አልኩ።

ሽማግሌው አዩኝ። ልጅቷን አዩ።

«ደግ። እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ባሏ ጫግኒ ይነግዳል» አሉ።

ባሏ ለሚነግድ ሴት ካርድ በነጻ አይሰጥም፤ አበቃላቸው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ንግዱ ግን ከስሯል። ይገባታል!»

«ክፉኛ ነው የከሰረው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ጤፉን ዝናብ መታበት አሉ» አለ ሌላው፣ ጭራሽ የሚነገደውን ዕቃ ጨምሮበት።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ልጅቷ ዝናብ ስለመታው ጤፍ ስትጠይቃቸው ከሩቅ አየሁ። እጅ ወጣ፤ ሁሉም ደገፈ።

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ያላረጋገጥኩትን ነገር ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን «የባለቤታቸው ንግድ የከሰረ መሆኑ በሕዝብ ስለተረጋገጠ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አንድ ቀን ኦዲተር መጥቶ ማስረጃ ቢለኝ ችግር የለብኝም። ቀበሌው በሙሉ ይመሰክርልኛል።