በግራ መስክ ሰው የለም

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ጨዋታ ተራኪ ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ አዲስ አበባም ይሠራል፣ ካርቱምም ይሠራል፣ አትላንታ ሲገባም ቪዛ የጠየቀው የለም። ጨዋታ ተራኪ ማለት ያመለጣችሁን ግጥሚያ ሳትለምኑት ከፉጨት እስከ ፉጨት የሚነግራችሁ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በቴስታ የሚገጭ፣ «በቃ ማን አሸነፈ?» ስትሉት ግን የንስሐ ምስጢር የጠየቃችሁት ይመስል ፊቱን የሚያኮሳትር ሰው ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምናልባትም አጎታችሁ ነው።

የእኛው፣ ክቡር ሊቀ ኳስ ገሠሠ፣ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሌላው ተራኪ ቢያንስ ትናንት የተደረገውን ይነግራል። ገሠሠ በ1976 ዓ.ም. አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን፣ የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚነግረን ግን አጼ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ዘመን የአትላንታ ከተማ ቡድን ያደረገውን የቤዝቦል ውድድር ነበር። ያውም ቀን ከቀን። በዚያ ዘመን ማክሰኞ ጨዋታ ከነበረ ማክሰኞ ማታ እንሰማለን። አንዳንድ ቀን ደግሞ አስፋልቱ በፀሐይ ሊቀልጥ ደርሶ ሳለ እሱ ከአውቶቡስ ወርዶ ጫማውን ይጠርግና «ዛሬ ዝናብ ነበር፤ አልተጫወቱም» ብሎን ይገባል።

ምንጩ የታወቀ ነው። ገሠሠ ስኮትዴል አካባቢ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን ያጥባል፣ ያጎርሳል። ከእነሱ አንዱ ሚስተር ፕሩዊት ይባላሉ፤ ዘጠና አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው የዚያ ቡድን ተጫዋች ነበሩ፤ ከመጫወት ይልቅ አግዳሚ ወንበር ማሞቅ የሚበዛባቸው ዓይነት። አእምሯቸው ወደኋላ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ጠዋት ሲነቁ ውድድሩ ገና በመካሄድ ላይ ያለ ይመስላቸውና ለቁርስ አምጪው የዕለቱን ጨዋታ ይነግሩታል። ቁርስ አምጪው ገሠሠ ነው። የነገሩትንም እንደ አደራ ዕቃ ሳይቀነስ ሳይጨመር ለእኛ ያደርሳል።

እኛ የምንላችሁ ማምሻውን ከሥራ ስንመለስ ደረጃው ላይ የምንቀመጥ ጥቂት ሰዎች ነን። እኔ ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል ሚኒባስ እነዳለሁ። ታላቃችን አቶ ንዋይ አገር ቤት የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ከጀርባችን ጥዶቹን ሐረግ ወርሯቸዋል፤ ሲመሽ ጋቢ ተከናንበው የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። አቶ ንዋይ ቤዝቦልን ሲሰሙ «ይሄ የገና ጨዋታ ነው፤ ፈረንጅ ሱሪ አልብሶት ነው እንጂ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ውጤቱን ተናግሮ እንዲገላግለን እጨቀጭቀዋለሁ። የገሠሠ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አትቸኩሉ፤ ጨዋታው አላለቀም»።

ከተጫዋቾቹ ሁሉ የሚወደው በግራ መስክ፣ ከመቺው ርቆ ወደ ላይ የተመቱ ኳሶችን ለመቅለብ የሚቆመውን ነው። ሽማግሌው ስሙን ረስተውታል፤ ገሠሠ መርዕድ ብሎ አወጣለት። መርዕድ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሆኖ ወደዚህ የሚመጣበትን ቀን ይጠብቃል። ስፖንሰር የሚያደርገው ቤተ ክርስቲያን ተገኝቷል፣ አልጋውም ተገዝቶ ከነላስቲኩ ገሠሠ ቤት ቆሟል። ስለዚህ ማታ ማታ ኳሷ ወደ ሰማይ ስትወጣ ገሠሠም አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ እኛም ሳናውቀው እናቀናለን፤ ከዚያ «መርዕድ ያዛት» ይላል። እኔ በበኩሌ ያን ልጅ አንዲት እንኳ ስታመልጠው ሰምቼ አላውቅም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ አቶ ንዋይ ዘንድ ከካርቱም ስልክ ተደወለ። መርዕድን ወባ ገድሎት ገዳሪፍ ተቀብሯል።

መርዶ እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም። ሰው ከሥራ ደክሞ ሲመጣ፣ ወይ ብቻውን ሆኖ፣ ወይ በስልክ አይረዳም። ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ነው። ግን መቼ? ገሠሠ ውድድሩ ሊያልቅ የአንድ ሳምንት ጨዋታ ብቻ እንደቀረው ነግሮናል። አቶ ንዋይ አሰቡበትና ፈረዱ። «ይጨርስ። ደስ የሚለው ይህች ብቻ ናት፤ ከአፉ አንንጠቀው። ሲጨርስ እናረዳዋለን።» ሁላችንም ተስማማን። አሳቢ ሰዎች መሰልን።

የዚያኑ ዕለት ማታ ገሠሠ ከሺፍቱ መጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን ፈታ አደረገ፣ ቡድኖቹን ወደ ሜዳ አስገባ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ «መርዕድ ዛሬ አልወጣም» አለ።

«ማን ተተካ?» አልኩት።

«ማንም። ከዘጠኝ ስምንት ሆነው ነው የሚጫወቱት። በግራ መስክ ሰው የለም።»

አቶ ንዋይ እንደ ዳኛ ጠየቁ። «ሕጉ ይህን ይፈቅዳል?»

«አይፈቅድም፣ ጋሼ። ዳኛው ግን አይቶ ዝም ብሏል።»

እሱ እንደገባ እርስ በርስ ተያዝን። ማን ነገረው? ሁሉም በገብርኤል ማለ። ደግሞም ስልኩ የመጣው እሱ ሥራ ላይ ሳለ ነው፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ከመካከላችን ያገኘው ሰው የለም። አቶ ንዋይ «አጋጣሚ ነው» አሉ። ሲሉት ግን ዓይናቸው ጥዶቹ ላይ ነበር።

በማግስቱ ሌላ ጨዋታ ጠበቅን። ያው ጨዋታ ቀጠለ። ዘጠኙ ዙር እኩል ለእኩል አልቆ ተጨማሪ ዙር ገብተዋል። ኳሷ ወደ ግራ ትመታለች፣ ሣሩ ላይ ትንከባለላለች፣ የሚያነሳት የለም፤ ሯጮቹም መሐል ላይ ይቆማሉ እንጂ ገብተው ነጥብ አያስቆጥሩም። በሦስተኛውም ቀን ያው። በአራተኛውም። ራሱ ገሠሠ ነው በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ መብራት እንዳልነበረ፣ ሲመሽ ዳኛው ጨዋታውን እንደሚያቋርጥ ያስተማረን። ይህንኑ አነሳሁበት።

«አልመሸም» አለኝ። «ፀሐይዋ እዚያው ናት። የወርዋሪው ጥላ አልተንቀሳቀሰም።»

«ተመልካቹስ?»

«ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ ይዟል። የሚጮህ የለም።»

በመጽሐፍ ቅዱሱ ኢያሱ ዘመን ፀሐይ እንደ ቆመች ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን ለጦርነት ነበር። እኔ በመናፍስት የማምን ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዬን ከጥዶቹ ራቅ አድርጌ ሕንፃው ፊት ለፊት ፓርክ አደርግ ጀመር።

ዓርብ ዕለት ሉሊትን አውቶቡስ ማቆሚያ አገኘኋት። ከገሠሠ ጋር እዚያው መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ወጥ ቤት። ሽማግሌው ምን እያሉት እንደሆነ ልሰማ ፈልጌ ሚስተር ፕሩዊት ደህና እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«ሚስተር ፕሩዊት? አልነገረህም እንዴ? ሰኔ ላይ እኮ ሞቱ። አጥቦ የሸኛቸው ራሱ ገሠሠ ነው።»

ሰኔ ላይ። እኛ ሐምሌን ሙሉ ስንሰማ ከርመናል።

«ታዲያ ጨዋታውን ማን ነው የሚነግረው?»

ሉሊት ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች። «አይ ዶንት ኖው። ክፍሉ ገና ሰው አልገባበትም። ቁርስ ሰዓት ላይ ብሬኩን እዚያ ነው የሚወስደው። አልጋው አጠገብ ቁጭ ይልና… ያዳምጣል። ሱፐርቫይዘሯ ሁለት ሦስቴ አይታው ተወችው። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ አቁሜያለሁ፣ ዩ ኖው።»

ይህን ለአቶ ንዋይ ስነግራቸው «ነገ ጠዋት እናረዳዋለን» አሉ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሉሊትንም ይዘን ሄድን። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ገሠሠ ለብሶ ነበር። ያሉትን ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ደርድሮ መሐሉን ባዶ ትቶታል፤ የመርዕድ አልጋ ከነላስቲኩ ጥጉ ላይ ቆሟል። «ቁጭ በሉ» አለን። ተቀመጥን። አቶ ንዋይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እሱ ግን ቀደማቸው። መቺው ዱላውን ይዞ ወጥቷል አለ። ወርዋሪው ደክሞታል አለ። ፀሐይዋ እዚያው ናት አለ።

አቶ ንዋይ ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሰው ንግግር አያቋርጡም። እኛም ታላቃችን ሳይናገሩ አንናገርም። እሱ ይተርካል፣ እኛ እንዲጨርስ እንጠብቃለን። አንድ ዙር አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ። መስኮቱ ነጣ፣ የጎረቤት መኪናዎች እየተነሱ ወጡ፣ የእኔም ሥራ ሰዓት ደረሰ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው ጨዋታ እየተረከልን አልነበረም፤ በር ይዞ ነበር። ጨዋታው ካላለቀ እኛ አንናገርም፤ እኛ ካልተናገርን መርዕድ ገዳሪፍ አለ። ጨዋነታችንን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ብንተወው ዕድሜውን ሙሉ እዚያች ፀሐይ ውስጥ ሊቆም ነው።

ስለዚህ ነውር ሠራሁ። አቋረጥኩት።

«ገሠሠ» አልኩት፤ «መርዕድ ለምንድነው ያልወጣው?»

ትረካውን ተወ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ንገረኝ» አለኝ።

ነገርኩት።

ጩኸቱን የሰማ አሜሪካዊ ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶ ሁለት መጡ። ሉሊት በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እንደ ጨዋታው ተመልካቾች፣ በሩ ላይ ጥቂት ቆሙና ሄዱ። እኔ ወደ እነሱ ላለማየት ወለሉን ነበር የማየው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ጭር አለ። ወጉ፣ ሐዘንተኛን ለቀስተኛው ያጫውተዋል፤ በሐሳብ እንዳይሰምጥ ጨዋታ ይመጣለታል። እኛ ግን በየግድግዳው ተደርድረን የምንለው ጠፋን። አንዱ ስለ ሙቀቱ ጀመረና ተወው፤ ሌላው ስለ ኢንሹራንስ ጀመረና አፈረ። ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። ክላርክስተን ከገባን ጀምሮ በደረሰው ለቅሶ ሁሉ ሐዘንተኛውን የሚያጫውተው ገሠሠ ነበር። በዚያ ስንት ስቀንበታል፣ ስንት አኩርፈነዋል፤ ስንት ቤት ግን በእሱ አፍ አድሯል። አሁን እሱ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ተኝቷል፤ እኛ ባዶ እጃችንን መጥተናል።

በጣም ናፈቀኝ። እዚያው ፊቴ ሆኖ ናፈቀኝ።

«እንግዲህ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «መቺው ዱላውን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያዋን ሳታት። ሁለተኛዋንም ሳታት። ሦስተኛዋንም ሳታት። አራተኛዋን…»

«ሦስት ከሳተ ወጥቷል» አለ ከጋቢው ሥር አንድ የሻከረ ድምፅ።

«ልክ ነው፤ ወጣ። ሌላ መቺ ገባ።»

አቶ ንዋይ ግራ እንደ ገባቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በግራ መስክ ማን አለ?» አለ ገሠሠ።

ጸጉሬ ቆመ። ቢሆንም አፌ ቀደመኝ።

«እኔ አለሁ።»

«አንተ እኮ መሮጥ አትችልም።»

«አልችልም። ቆሜያለሁ ግን።»

ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ። ዓይኖቹ አብጠው ጠብበዋል፤ ወደ እኔ ሲያዩ ግን አንዳች ነገር ከሩቅ ይለኩ ነበር።

«እንግዲያው ወደኋላ ሳብ በል» አለኝ። «ይሄኛው አርቆ ነው የሚልካት።»

ወንበሬን ይዤ ወደኋላ ሳብ አልኩ።