የአቶ አባይነህ አርባ ሁለት እርምጃ

ጠርጣራ ሰው የሌለበት ቀበሌ ገና አልተዋቀረም። እርስዎም ሰፈር አንድ አይጠፋም። የቀየት መንደር ጠርጣራ ክቡርነታቸው አቶ አባይነህ ናቸው፤ ሹመቱን የሰጣቸው የለም፣ የሚነጥቃቸውም የለም። ዝናብ በጊዜው ቢጥል «ይቺ ነገር አላማረችኝም» ይላሉ። በግ ሲገዙ ሻጩ ቶሎ ከተስማማ ጥለውት ይሄዳሉ። ቄሱ ቅዳሴውን ካሳጠሩ፣ ምን እንዳስቸኮላቸው ለማወቅ እስከ ቤታቸው ይሸኟቸዋል።

ዋነኛ ተጠርጣሪያቸው ግን ጎረቤታቸው አቶ ትዕዛዙ ናቸው። አቶ አባይነህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከደጃቸው የሁለቱን ገብስ ማሳ እስከሚለየው የድንበር ድንጋይ በእርምጃ ሲለኩ ኖረዋል። አርባ ሁለት። ከዚያ «አልነካኸውም?» ብለው ይጮሃሉ። አቶ ትዕዛዙም ከማዶ «ገና አልነካሁትም» ይላሉ። የሁለቱ ሰዎች የእግዜር ሰላምታ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ዕቃ ሲጠፋባቸው ማንም አልደነገጠም። ማጭዳቸውን ራሳቸው ጣራ ሥር ሰክተው «ተሰረቅሁ» ሲሉ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው የምሥራች ሳቀች። ያንኑ ጥያቄ በአንድ ቀን ሦስቴ ሲጠይቋትም ቃሏን የሚያጣሩ መስሏት ነበር። አንድ ማለዳ ግን አቶ አባይነህ ወደ ድንጋዩ ሳይሄዱ ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። አቶ ትዕዛዙ ግራ ገብቷቸው መጡና «ዛሬ አትለካም?» አሏቸው።

«ምኑን?»

የምሥራች ያን ቀን አለቀሰች። አባቷ በቁማቸው እየሄዱባት መሰላት። አዲስ አበባ ወሰደቻቸው።

ሐኪሟ ዶክተር ፀጋ የአንጎል ምስል እንደሚነሱ ነገረቻቸው። «የአንጎል ክፍሎች ሰው ዝም ብሎ ቢተኛም እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ የትኛው እንደተቆራረጠ እናያለን።»

አቶ አባይነህ ግንባራቸውን ነካ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንድ ለአምስት እዚህም ገባ?» በቀበሌያቸው ለየአምስቱ ገበሬ ማን ከማን እንደሚነጋገር የሚከታተል አንድ ጠርናፊ ከተመደበ ወዲህ፣ ጠርናፊያቸውን ባዩ ቁጥር መንገድ የሚቀይሩ ሰው ናቸው።

«ምንም ሳያስቡ ፀጥ ብለው ይተኛሉ» አለቻቸው ዶክተሯ።

«ሐሳቤን አስወጥታችሁ ማንን ልታስገቡበት ነው?»

የምሥራች እጃቸውን ይዛ «አባዬ፣ ስለ እኔ ብለው» አለች። ገቡ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ፀጋ ልጅቷን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። «ትውስታን የሚይዘው ክፍል ከሌሎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ሳስቷል። ገና መለስተኛ ነው። ባለበት ሊቆይ ይችላል፣ ሊብስም ይችላል፤ ምስሉ ይህን አይነግረንም። የለመዱትን ነገር ግን አታስጥሏቸው።»

በመልሱ ጉዞ አቶ አባይነህ ማንንም ሳይጠረጥሩ መሐል ሜዳ ደረሱ። ዱላቸውን ለማያውቁት ተሳፋሪ ያዝልኝ ብለው ሲሰጡ የልጃቸው ልብ ተሰበረ።

በማግስቱ ማለዳ መንደራቸው ውስጥ የምሥራች ከቤት ስትወጣ አባቷ ድንጋዩ አጠገብ ቆመዋል። ወደ ደጃቸው ተመለሱና እንደገና ለኩ።

«አርባ ሦስት» አሉ። «አንድ እርምጃ ጨምሮልኛል። ምን አስቦ ነው? ይቺ ነገር አላማረችኝም።» ከዚያም ወደ ማዶ ጮኹ፤ «ትዕዛዙ፣ ነክተኸዋል።»

 የምሥራች ተሻግራ ብትሄድ አቶ ትዕዛዙ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያብሳሉ። «ድንጋዩን ወደ እሱ ብገፋው ግፍ ነው፤ ከራሴ ቀነስኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያውቀው እንደሆን ብዬ ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገና አልነካሁትም» ብለው ወደ ማዶ ጮኹ።

«ውሸታም» አሉ አቶ አባይነህ።

የምሥራች ከዚህ የጣፈጠ ስድብ ሰምታ አታውቅም።