ሰባት መቶ ኪሎ የሚመዝነው ታካሚ

ዛሬ ፊቴን የት እንደማደርገው አጥቼ ነው የዋልኩት። ስቃችሁ ስትጨርሱ ኮሜንት ላይ አጽናኑኝ፣ ኦኬ?

ለማታውቁኝ፦ ሰባት ዓመት ታክሲ ነድቼ፣ በአርባ ዓመቴ ኮዲንግ ተምሬ፣ ሌዊስቪል ያለ አንድ ትንሽ ኩባንያ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ገና ፕሮቤሽን፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ።

የሰጡኝ ሥራ ለክሊኒክ የሚሆን ፕሮግራም ነው። ነርሷ የታካሚውን ኪሎ ታስገባለች፣ ፕሮግራሙ የመድኃኒቱን መጠን ያሰላል።

ዓርብ ዕለት ሲኒየራችን ማርከስ ኮዴን አይቶ፣ ኪሎውን ፐብሊክ አድርገሽ ክፍት ትተሽዋል፣ ማንም የፈለገውን ቁጥር ይጽፍበታል አለኝ። ፕራይቬት አድርገሽ ዝጊውና ፕሮፐርቲ በሚባለው በር በኩል ብቻ ይግባ፤ ፕሮፐርቲው ቁጥሩን ቼክ ያደርግና የማይሆን ከሆነ ይመልሰዋል አለኝ።

ኦኬ አልኩት።

አላደረግኩትም!

ማለቴ፣ እየሠራ ነበራ! የሚሠራ ነገር ማን ይነካል?

ዛሬ ዴሞ ነበር፤ ፕሮግራሙን ለክሊኒኩ የምናሳይበት። ክሊኒኩ የነርሶቹን አለቃ ላከ፤ እዚሁ አካባቢ ቤድፎርድ የሚኖሩ፣ እትዬ ጽጌ የሚባሉ ትልቅ ሴት። ሐበሻ መሆናቸውን ሳይ ደስ አለኝ። ኪቦርዱን በገዛ እጄ ሰጠኋቸው።

ለሙከራ ሰባ ኪሎ ሊጽፉ ዜሮዋን ሁለቴ ነኳት። ሰባት መቶ።

ፕሮግራሜ ምንም አላለም። የአሥር ሰው መድኃኒት ለአንድ ሰው አዘዘ።

እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብለው በአማርኛ፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰው ይገድላል" አሉኝ።

ከኋላችን ቆሞ የሚያየው ማርከስ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ።

እኔስ? ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል ነው የሚሉት ብዬ ተረጎምኩ!

ሴትዮዋ እኮ ከኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው አዩኝ። አላጋለጡኝም። እሱ ግን ከስድብ ባሰብኝ።

ሶ፣ ያሉትን ለማርከስ በትክክል ተናገርኩ። ዓርብ የተነገረኝን እንዳላደረግኩም ጨመርኩ። የምባረር መስሎኝ ነበር።

ማርከስ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ኪሎውን ፕራይቬት አደረግነው፣ ፕሮፐርቲውን ጻፍነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ግማሽ ሰዓት!

እትዬ ጽጌ እንደገና ሰባት መቶ ጻፉ። አልቀበልም አላቸው። ዜሮ ሞከሩ፣ ከዜሮ በታች ሞከሩ፤ እምቢ። ያኔ ፈገግ አሉ።

ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ "እኔም ጀማሪ ሳለሁ ጥፋቴን ደብቄ አውቃለሁ። አንቺ ግን ተናገርሽ፤ አሁን አምንሻለሁ" አሉኝ።

ሬስትሩም ገብቼ አለቀስኩ።

ሥራዬ አልተነካም። ማርከስ ግን ከእንግዲህ ኮዴን ሁለቴ ነው የሚያየው።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ስታጠፉ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትዋሹት?