የውሰት ግብር

ሰሞኑን እዚህ ሮም ምርጫ ነው። ከታች ፎቅ ለምትኖረው ሲኞራ የመራጭነት ወረቀት በፖስታ መጣላት። ለእኔም ፖስታ መጣልኝ፤ የእኔው ከግብር ቢሮ ነው። ሲኞራዋ ግብር ከፍላ አታውቅም። ይህንንም የምታወራው እንደ ገመና ሳይሆን እንደ ሙያ ነው፤ ሌላዋ ሴት ስለ ሹራብ አሠራር እንደምታወራው። እኔ ሠላሳ ዓመት ስከፍል ኖሬያለሁ፤ ዜጋ ስላልሆንኩ ግን አልመርጥም። ታዲያ የማይከፍለው እየመረጠ የሚከፍለው ዝም ማለቱ ፍትሕ ነው ትላላችሁ? ቆዩ፣ አትመልሱልኝ። እኔ አንድ ጊዜ መልሼው የሰው ቤት ላፈርስ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መካኒሳ ነው። አስተማሪ ነበርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ አያመልጠኝም። ማንበብ ሰውን ይለውጣል ይባላል። እኔን የለወጠኝ ወደ ተናጋሪነት ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» ተረት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነበር።

ከቤቴ ፊት ለፊት እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ይኖራሉ። ሁለት ክፍል አላቸው፤ በኋለኛው ይተኛሉ፣ በፊተኛው ይሸጣሉ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ያቺን የፊተኛዋን ክፍል ተመኛት። ለምን ቢባል፣ ለንባብ ክፍል። እስቲ ይታያችሁ፤ በሰፈሩ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፣ ጠላ የሚጠጣው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው። እትዬ ዘነቡ ያቺ ክፍል ከተወሰደች ልጆቻቸውን የሚያበሉበት ሌላ መላ የላቸውም።

የቀበሌ ምርጫ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከቀጠለ ክፍሏ ሄደች ማለት ነው። ተፎካካሪው ጋሽ ደገፋ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ድሬሰር። ሰፈሩን ሁሉ መርፌ ስለወጉ ሕዝቡን ከፊትም ከኋላም ያውቁታል። «እኔ ከተመረጥኩ ክፍሏን የሚነካት የለም» ብለዋል። ችግሩ የሊቀመንበሩ ወዳጆች ናቸው። ሥራ የላቸውም፣ መዋጮ አያዋጡም፣ ስብሰባ ላይ ግን ከፊት ተደርድረው እጅ ያወጣሉ። አንዳንዱማ ሁለቱንም።

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። በባሕር ማዶ እንዲህ ያለ ክርክር እንደነበረ አንብቤያለሁ አልኩ። ለአገር የማይከፍል ሰው በአገር ጉዳይ ለምን ድምፅ ይሰጣል? ግብር የከፈለ ብቻ ይምረጥ። ሐሳቤ እነዚያን ሥራ ፈቶች ማስቀረት ነው። ከበላይ የመጣው ካድሬ አገጩን ይዞ አሰበ። ይህ ነገር የቡርዧ ሐሳብ ነው ወይስ የሰፊው ሕዝብ ብሎ ጠየቀኝ። የሰፊው ሕዝብ ነው አልኩት። ሰፊው ሕዝብ ዞር ብሎ አየኝ። ሊቀመንበሩ ግን ፈገግ አለ። ደረሰኝ ያለው ነጋዴ ብቻ እንደሆነ ገብቶታል፤ ነጋዴ ደግሞ ይፈራዋል። ወዲያው ጸደቀ። በሚቀጥለው እሑድ እጅ የሚያወጣ ሁሉ በእጁ የግብር ደረሰኝ ይያዝ ተባለ።

ኮራሁ። ኩራቴ ግን እስከ ቤቴ አላደረሰኝም። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን እያጣፉ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«አንቺ ቲቸር፣ ለመሆኑ አንቺ ደረሰኝ አለሽ?»

የእኔ ከደሞዜ ላይ ይቆረጣል አልኳቸው።

«ይቆረጥ። ደረሰኙስ?»

የለኝም። ደሞዝተኛ ሁሉ የለውም። እሳቸውም የላቸውም፤ ጠላ በንግድ ፈቃድ ማን ይሸጣል? ጋሽ ደገፋም ጡረተኛ ናቸው፣ ራሳቸውን እንኳ መምረጥ አይችሉም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እንደኔ ላለችው ነው። እኔስ ያስጣልኩት የሰው የብብቱን ነው።

«በይ እንግዲህ፣» አሉኝ፣ «የንባብ ክፍሉ ሲከፈት ገብተሽ አንብቢ። ጋኖቼን ግን አንቺ ቤት ነው የማስቀምጣቸው።»

እኔ መጽሐፎቼን አገላብጬ መላ አጣሁ። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ መላ አላጡም። በእኛ ሰፈር የሌለ ነገር ሁሉ የሚገኘው በውሰት ነበር። ወንፊት እንዋሳለን፣ ሙቀጫ እንዋሳለን፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር፣ ለቅሶ ሲመጣ ጥቁር ቀሚስ እንዋሳለን። ሐሙስ ጠዋት እትዬ ዘነቡ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄዱ።

«ሸምሱዬ፣ እስቲ ግብርህን አውሰኝ።»

ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ ጠንቃቃ ባለሱቅ ናቸው። ሱቁን ከከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ የተሰጣቸውን ደረሰኝ አንድም አልጣሉም፤ በሽቦ ሰክተው ከሚዛኑ በላይ አንጠልጥለውታል። የንጉሡ ጊዜ እንኳ አልቀረም፤ አንበሳው ዘውዱን እንደደፋ አለ። መጀመሪያ አመነቱ፤ ሳይመለስ ቢቀርስ አሉ። እትዬ ዘነቡ መቼ ወንፊትህን አስቀርቼብህ አውቃለሁ ብለው ተቆጡ። ደግሞስ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ቅዳሜ ሽቦው ባዶውን ቀረ። ለእኔ የደረሰኝ አንበሳ ያለበት ነው።

እሑድ እጅ ወጣ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ለሊቀመንበሩ አወጡ። ጋሽ ደገፋ ሲባል ግን ሜዳው ወረቀት በወረቀት ሆነ። ያን ቀን ወንዱም ሴቱም ሸምሱ ነበር። ካድሬው ከሩቅ ሆኖ ለካ ይህ ሰፈር ይህን ያህል ንቁ ነው ብሎ ተደነቀ። እኔ አንበሳውን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ቆሜያለሁ። የሊቀመንበሩ ወዳጆች ባዶ እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። መዋስ አልታሰባቸውም፤ እነሱ የለመዱት መቀማት ነው። የቀበሌው ጸሐፊ እየዞረ ወረቀቱን ሳይሆን ፊታችንን እያየ ሁላችንንም በየስማችን መዘገበ። ጋሽ ደገፋ አሸነፉ፣ ክፍሏ ዳነች። ሰኞ ጠዋት ደረሰኞቹ አንድም ሳይጎድል ወደ ሽቦአቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ የግብር ሹም መጣ። በእጁ የጸሐፊው መዝገብ አለ። እነዚህ በሕዝብ ፊት ግብር ከፋይነታቸውን ያስመሰከሩ ሰዎች ናቸው አለ። አይደለንም ቢባል፣ ታዲያ በአብዮቱ ፊት ያወጣችሁት እጅ የማን ነበር ይላል። ሌላው ዓለም ከፍሎ ይመርጣል፤ እኛ መርጠን ከፈልን። እኔንማ ምን ትነግጃለሽ ብሎ አፋጠጠኝ። እትዬ ዘነቡ መለሱልኝ።

«ሐሳብ ነው የምትሸጠው፣ ጌታዬ። ግን ኪሳራ ላይ ናት።»

እሳቸው ከፈሉ። የተሰጣቸውን ደረሰኝ ይዘውልኝ መጡና አንብቢልኝ አሉ። በሕይወታቸው በስማቸው የተጻፈ የመጀመሪያው ወረቀት ነበር። ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ከጋኑ በላይ ግድግዳው ላይ በምስማር መቱት፤ ለሚመጣው ምርጫ ለፈለገ አውሳለሁ እያሉ። የሚመጣው ምርጫ መጣ። ደረሰኝ የጠየቀ አልነበረም። የተመራጮቹ ስም ከላይ ተጽፎ ነው የመጣው፤ የእኛ ሥራ ማጨብጨብ ብቻ ነው። ለጭብጨባ ደግሞ ሁለቱም እጅ ባዶ መሆን አለበት።

ዛሬ ጠዋት ሲኞራዋ ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ ልትመርጥ ስትወጣ ደረጃው ላይ አገኘኋት። እስቲ ድምፅሽን አውሺኝ አልኳት፤ ከሰዓት በኋላ እመልስልሻለሁ። ትክ ብላ አየችኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሠላሳ ዓመት ስንጎራበት ወንፊት እንኳ አውሳኝ አታውቅም።